በርበሬው ተጭኗል፤ መድኃኒቱስ?

በሰበታም ሆነ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ልጃቸው አሜሪካ የሚኖር ወላጆች ቪዛ የተመታላቸው ዕለት ወሬው ሠፈሩን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። በማግስቱ በርበሬ ተገዝቶ ይቀነጠሳል፣ ግቢው ውስጥ ይሰጣል። የሽሮው አተር ይታመሳል፣ ዳቦ ቆሎው ይቆላል፣ ሚዛን ከጎረቤት ይለመናል። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ በአብዛኛው የሚፈቀድለት እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ነው፤ ለእናት ግን 46 ኪሎ መች ይበቃታል!

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ሻንጣው ይመከራል። ስለ ተጓዧ የሚነሳው ግን በመሄጃቸው ዋዜማ ነው፤ ያውም "ኪኒንዎን እንዳይረሱ" በሚል አንድ ቃል። ተጓዧ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው፣ ከአገር ወጥተው የማያውቁ እናት ናቸው። ጡረታ የወጣሁ ነርስ በመሆኔ የሚሄዱትም የሚመለሱትም ሰበታ ያለው ቤቴ ጎራ ይላሉ። እኔም ልጄን ለመጠየቅ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚባለው ከተማ ሄጄ ሦስት ወር ተቀምጬ መጥቻለሁ። ስንሄድ የምንሰጋው የአገር ቤት ምግብ እንዳናጣ ነው። እኔ ያየሁት ችግር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ የዓመት በዓሉ ምግብ በየቀኑ ይገኛል፣ የየቀኑ እርምጃ ደግሞ ይጠፋል።

መጀመሪያ ግን ከሻንጣው ልነሳ፤ ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የአሜሪካ ሕግ ይዛችሁ የመጣችሁትን ምግብ ሁሉ አሳውቁ ይላል። ያልተፈቀደ ነገር ይዞ ያላሳወቀ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ያሳወቀ ሰው ግን ቢበዛ ዕቃው ተወስዶ ይጣልበታል እንጂ አይቀጣም። ስለዚህ "ምግብ ይዘዋል ወይ?" ሲባል መልሱ "አዎ" ነው፤ እዚህ ላይ ይሉኝታም ፍርሃትም አያስፈልግም። ሻንጣ መረከቢያው አካባቢ ልብስ የለበሱ ትንንሽ ውሾች ይዞራሉ። ውሻው መጥቶ ሻንጣው አጠገብ ቁጭ ካለ ሸቶታል ማለት ነው፤ አልያዝኩም ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ቋንጣ አይገባም። ምክንያቱ ንቀት አይደለም፤ የአፍና የእግር በሽታ የሚባለው የከብት በሽታ እኛ ዘንድ አለ፣ እነሱ ዘንድ ግን ከ1929 እ.ኤ.አ. ወዲህ የለም። ቋንጣው መድረቁና በበርበሬ መታሸቱ ነገሩን አይለውጠውም። ሌሊቱን ሙሉ ተሠርቶ፣ በረዶ እስኪሆን ቀዝቅዞ የተጫነ ዶሮ ወጥም መጨረሻው የቆሻሻ ገንዳ ነው። ትኩስ ጤና አዳም፣ ሎሚ፣ ቃሪያ እዚሁ ይቅሩ። ጫት ደግሞ እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ስለሚቆጠር በመወሰድ ብቻ ላያበቃ ይችላል፤ "ለእገሌ አድርሺልኝ" ተብሎ የተሰጠ የታሰረ ፌስታልም ሳይፈታ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የደረቀ ቅመም፣ የተቆላ ቡናና ዳቦ ቆሎ ከተነገረላቸው ብዙውን ጊዜ ያልፋሉ። ቅቤ መሸከም ግን ምን ያደርጋል? ጨው የሌለበት ቅቤ እዚያ በየሱቁ አለ። የደረቀ ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ይዞ የሄደ ሰው እዚያው ያነጥራል፤ ልብሱም ቅቤ አይጠጣም።

መድኃኒት ከሻንጣ ጋር ወደ ታች አይጫንም። ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋልም። ኢንሱሊን ደግሞ እታች በረዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን መልሶ ቢቀልጥም ጥቅም የለውም። በእጅ ቦርሳ፣ ከነማሸጊያው፣ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ከጻፈው ደብዳቤ ጋር ይያዝ። ወላጅ ስድስት ወር ሊቀመጥ አስቦ የአንድ ወር ኪኒን ይዞ ሲሄድ ስንቴ አይቻለሁ! "እዚያ የሌለ መድኃኒት አለ እንዴ?" ይላሉ። መድኃኒቱ አለ፤ ግን የግፊት ኪኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፣ ማዘዣ ለማግኘት ደግሞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለ፣ መክፈል አለ። ለግል መጠቀሚያ ተይዞ መግባት የሚችለው በአብዛኛው የሦስት ወር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ለሚቀመጥ ሰው ልጆቹ አስቀድመው ሐኪም ይፈልጉለት፤ የመጨረሻው ኪኒን ካለቀ በኋላ የሚጀመር ፍለጋ ረጅም ነው።

ስሙም ይለያያል። እኛ ፓራሲታሞል የምንለውን እነሱ አሴታሚኖፌን ይሉታል፣ በየሱቁ ታይለኖል ተብሎ የሚሸጠውም እሱው ነው። የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል እዚያ አልቡቴሮል ነው። ይበልጥ የሚያሰጋኝ የስኳሩ ኪኒን ነው። እዚህ ግሊቤንክላማይድ የምንለው እዚያ ግላይቡራይድ ይባላል። ከአገሩ ይዞ የሄደውን ሳያቋርጥ እዚያ የታዘዘለትን የጨመረ ሰው አንዱን መድኃኒት ሁለት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የያዙትን በሙሉ በከረጢት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ማፍሰስ ነው የሚሻለው።

ወደ አውሮፕላኑ እንሂድ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ለነዳጅ ይታረፋል። እኔ በሄድኩበት በረራ አንዲት እናት እዚያ ስናርፍ "ተመስገን ደረስን" ብለው ቀበቷቸውን ፈቱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። ገና ግማሹ መንገድ እንኳ አላለቀም ነበር።

ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋና ሰውነት ሲከብድ ደግሞ ይብሳል። የእኛ እናቶች ጎረቤታቸውን ላለማስቸገር ብለው መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ውሃ አይጠጡም። ይህ ጨዋነት እዚህ ቦታ ላይ ይጎዳል። መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ይጠየቅ፣ ውሃ ይጠጣ፣ በየጊዜው ተነስቶ መራመድ ነው፤ በተቀመጡበትም ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ይረዳል። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ "የመንገድ ድካም ነው" ተብሎ አይታደርም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። የጾም ምግብ የሚፈልግም ሰው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ለአየር መንገዱ ያስነግር። ጾም ነው ብሎ ሌሊቱን ባዶ ሆድ ማደር፣ ያውም የስኳር መድኃኒት ወስዶ፣ የንስሐ አባትም የሚያዙት አይመስለኝም።

ተሽከርካሪ ወንበር ትኬቱ ሲቆረጥ ቢጠየቅ ነውር የለውም። ጉልበት ደህና ቢሆንም ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ መንገድ መሪ ነው። ዋሽንግተን ደለስ ላይ ደግሞ ከአውሮፕላኑ የሚወርደው መንገደኛ ቤት በሚያህል፣ ከፍ ብሎ በጎማ በሚሄድ አዳራሽ ተጭኖ ወደ ሕንጻው ይወሰዳል። 1962 እ.ኤ.አ. አውሮፕላን ማረፊያው ሲከፈት ጀምሮ የነበረ ነው። አንድ አባት "አሁን ደግሞ ወደ የትኛው አገር ነው የሚወስዱን?" ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ልጅ ቤት ተገብቶ እግር ታጥቦ ማዕድ ሲቀርብ ነው እንግዲህ ዋናው ነገር የሚመጣው። እንጀራ አለ፣ ያውም በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ። ጤፉ እዚያው አሜሪካ ይበቅላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የነበረው ዌይን ካርልሰን የሚባል ሰው አገሩ ሲመለስ አይዳሆ በምትባለው ግዛት ጤፍ መዝራት ጀመረ፤ እስከ ዛሬም ጤፉ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ይደርሳል። ይሁን እንጂ የሚገዛው እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም። ስንዴ ወይም ገብስ የተደባለቀበት ብዙ ስለሆነ፣ ስኳር ያለበት ሰው ነጭና ለስላሳ ስለሆነለት ደስ ብሎት ከመጨመሩ በፊት ምን እንዳለበት ያስጠይቅ።

ከዚያ ግብዣው ይጀምራል። እናት መጣች ሲባል የልጅ ጓደኞች በሙሉ ተራ ይዘው ይጠራሉ። ቅዳሜ ክትፎ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥብስና ዶሮ፣ ሰኞ ደግሞ የተረፈው በዕቃ ተሞልቶ ይመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ወይም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ትንሿ ኢትዮጵያ" የሚል ስም በይፋ የተሰጠው የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ መንገድ አካባቢ ለተቀመጠ ሰው ሥጋ ቤቱም ቅመሙም ሩቅ አይደለም። በጾም እንኳ አያመልጡም፤ የጾም ኬክ፣ የጾም አይስክሬም፣ የጾም ዶናት አለ። በጾም የሚወፈርበት አገር አየሁ። ሰበታ ውስጥ ሥጋ በዓመት በዓልና በድግስ የሚቀምስ ሰው እዚያ በአንድ ወር ውስጥ የዓመቱን ይበላል። ክትፎውን በተመለከተ "የአሜሪካ ሥጋ ስለተመረመረ ጥሬው አይጎዳም" የሚሉ ልጆች አጋጥመውኛል። የራሳቸው መንግሥት የተፈጨ የበሬ ሥጋ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል ብሎ ነው የሚመክረው። ለአዛውንት ክትፎው የበሰለ ይሁን፤ ልብ የሚለው አይጠፋም።

መጠጡም አለ። 355 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ ውስጥ 39 ግራም ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ዘጠኝ አሥር ይሆናል። ብዙ ምግብ ቤት ደግሞ ባዶ ብርጭቆ ሲያዩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሞሉታል። የእኛ ሰው "አይ፣ በቃኝ" ማለት አይሆንለትም። ጨው በበኩሉ ዳቦና የታሸገ ሾርባ ውስጥ ይደበቃል፤ ማሸጊያው ላይ "ሶዲየም" ተብሎ ነው የሚጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ይሁን ይላል። ቁጥሩ ሲነበብ ደግሞ ለሙሉው ዕቃ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይበላል ተብሎ ለሚታሰብ መጠን የተጻፈ መሆኑ ይታይ፤ ይህን ልጆች ለወላጅ ቢያነቡላቸው ከስጦታ ሁሉ ይበልጣል።

ምግቡ እንዲህ ሲበዛ እግር ሥራ ይፈታል። ሰበታ ውስጥ ወደ ጉሊት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ዕድር፣ ወደ ታክሲ መያዣው ስንል ሳናውቀው ብዙ እንሄዳለን። እዚያ ከቤት በር እስከ መኪና አሥር እርምጃ ነው። ልጆች ንጋት ላይ ወጥተው ማታ ይገባሉ፤ አንዳንዱ ሁለት ሥራ አለው። ጎረቤት ቢኖርም አይታይም። በክረምታቸው በረዶ ሲጥል ደግሞ ደጅ መውጣት ለጉልበትም ለዳሌም አደጋ ነው። ብዙ ከተማ ውስጥ አዛውንቶች ጠዋት ጠዋት ትልልቅ የገበያ ሕንጻዎች ውስጥ ገብተው በሙቀቱ ይራመዳሉ። ልጅ ወደ ሥራ ሲሄድ እናቱን አድርሶ፣ ሌላ ሰው ቢመልሳቸው ከግብዣው ሁሉ ያንን እመርጣለሁ።

ብቻውን ቤት የዋለ ወላጅ ሁልጊዜ አብዝቶ ይበላል ማለትም አይደለም። ከቡራዩ የሄዱ፣ ስኳር ያለባቸው አንዲት ወዳጄ የገጠማቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጃቸው የሳምንቱን ወጥ ሠርቶ፣ በየዕቃው ከፋፍሎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደርድሮላቸው ነበር። ምድጃው ግን መስታወት የመሰለ፣ ቁልፉ በጣት የሚነካ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ቡና ሊቆሉ ብለው ጭሱ የጣራውን ማስጠንቀቂያ አስጮኸውና የሕንጻው ሰው ሁሉ ደረጃውን ሞልቶ ወረደ፣ የእሳት አደጋ መኪናም መጣ። ከዚያ ወዲህ ምድጃውን ላለመንካት ማሉ። ልጃቸው በስልክ "እማዬ፣ ምሳ በላሽ?" ሲል "በላሁ የኔ ጌታ" ይላሉ፤ የበሉት ግን ሻይ በደረቅ ዳቦ ነው። ኪኒኑን አላቋረጡም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግራቸው ሲንተባተብ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ደረሰችና ጭማቂ አጠጣቻቸው። የደረሰችው ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

የስኳር መውረድ ይህ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጥቶ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፤ ካልተሻለ መድገም፤ ሲሻል እህል መብላት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፣ 911 ይደወላል። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው "አምሃሪክ" የምትለዋን ቃል ብቻ ይበል፤ ብዙ ቦታ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ቤቱ ምድጃ ላይ ከመተማመን ይልቅ ደግሞ ሳይሞቅ የሚበላ ነገር፣ በሶ፣ ጭብጦ፣ የተቀቀለ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ምድጃውንም ልጅ አጠገባቸው ቆሞ አሥር ጊዜ ያስነካቸው።

ሰዓቱም ሌላ ወጥመድ ነው። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት ኪኒን ጥቂት ሰዓት ቢዛነፍ ብዙ አያስጨንቅም፤ ኢንሱሊን የሚወጉ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንዴት እንደሚያደርጉ ከመሄዳቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። የባሰው የአቆጣጠሩ ነው። ልጅ ወረቀት ላይ "ጠዋት 8" ብላ ትለጥፋለች። እናት በኛ ሰዓት ስምንት ሲሆን፣ ማለትም ከቀትር በኋላ ይወስዳሉ። ወረቀቱ ላይ "ቁርስ"፣ "ምሳ"፣ "እራት" ተብሎ ቢጻፍ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ሕመም ከመጣ የአሜሪካ የአዛውንቶች የጤና መድን ለጎብኚ አይሠራም። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት የድንገተኛ ክፍል ሰውን ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምር፣ አደጋ ላይ ያለውንም ሳያረጋጋ አይመልስም፤ ሂሳቡ ግን በኋላ በፖስታ ይመጣል፣ ያውም የልጅን የዓመት ቁጠባ የሚያናጋ። የጎብኚ መድን ከጉዞ በፊት ይገዛ፤ ሲገዛም ቀድሞ የነበረ ሕመምን ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም የሚለው ይነበብ፣ ብዙዎቹ አይሸፍኑምና። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ መብት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለአያቷ የሆድ ዕቃ ምርመራ አስተርጓሚ ስትሆን አይቼ አፍሬያለሁ፤ አያቷም ዋናውን ሕመማቸውን ለልጅቷ አልነገሯትም።

ከሱሉልታ የሄዱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ወተት ያለቡ አንድ አባት ሌላ ትግል ገጠማቸው። እዚያ ወተት በጋሎን፣ ወደ 3.8 ሊትር በሚጠጋ ዕቃ ይሸጣል። ስቡ የተቀነሰ፣ ስቡ የወጣ፣ ሙሉ ስብ ያለው እየተባለ ይደረደራል። እርሳቸው ሙሉውን አስገዝተው እርጎ ሊያረጉ ሦስት ቀን አስቀመጡት። አልረጋም፤ ሸተተ። ወተቱ በሙቀት ስለታከመ ሱሉልታ ላይ የሚያረጋው የራሱ ተዋሲያን አብሮ ሞቷል። ስቡም በፋብሪካ ስለተበታተነ ላዩ ላይ አይሰፍም። ምራታቸው ስኳር የሌለበት እርጎ ከሱቅ ገዝታ ሁለት ማንኪያ ለብ ባለው ወተት ላይ ስትጨምርበት በማግስቱ ረጋ። "ወተቱ አገሩን ረስቶ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ የቤቱ እርጎ ሥራ የእርሳቸው ሆነ። የልጅ ልጆቻቸውም ለመዱት፣ እርሳቸውም ቀኑ አጠረላቸው።

መመለሻው ደግሞ የራሱ ጭነት አለው። ዋሽንግተን ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ በቀጥታ ይመጣል፤ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ መቀመጥ ነው፣ ስለ እግር ያልኩት እዚህም ይሠራል። ሻንጣው ግን በበርበሬ ፋንታ በቫይታሚንና በማስታገሻ ይሞላል፤ ለእህት፣ ለጎረቤት፣ ለዕድር ሰብሳቢ። ከነዚህ መካከል "ፒኤም" የሚል ጽሑፍ ያለበት የሕመም ማስታገሻ አለ፤ ማታ የሚወሰድ ማለት ነው። ውስጡ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የሚያስተኛ መድኃኒት አለው። ለአዛውንት አይመከርም፤ ግራ ያጋባል፣ ሽንት ያስይዛል፣ ሌሊት ሲነሱም ይጥላል። ባለፈው የሰበታ ጎረቤቴ አንድ ጠርሙስ ሰጥታኝ "እትዬ፣ አሜሪካ እንቅልፍ ያመጣልኝን ይዤ መጣሁ፣ ለእናቴም አካፍላታለሁ" አለችኝ። እናቷ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ መጸዳጃው ደጅ ነው። መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩላት፤ ጠርሙሱን እኔው ጋ ትታው ሄደች።